«ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ «እሺ» አትበሉት

ረጅም ነው። ዳታ የምትቆጥቡ አሁን ከፍታችሁ ማታ መብራት ሲሄድ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ ወዳጄ (ስሙን አልጠራም፣ ይህንንም ማንበቡ አይቀርም) ከሪሲቨር ወደ ላፕቶፔ የገለበጥኩትን ፋይል አየና ሳቀብኝ። «አንተ ሰውየ፣ በዚህ ዘመን ከቴሌቪዥን የሚቀዳ ሰው አለ እንዴ? ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ!» አለኝ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን በራሴ ተናደድኩ። መመለስ ነበረብኝ። ስላልመለስኩ ይኸው እዚህ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ያ ፋይል ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

እዚሁ ማክሰኝት፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቁ አንድ እናት አሉ። እትየ ብቻ ልበላቸው። ባለቤታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ሽምብራ በማምረት የታወቁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ማሳቸው ላይ አነጋገሯቸው። 11 ደቂቃ ያህል ነው የቀረበው። የሚተላለፍበት ቀን ቀድሞ ተነግሯቸው ስለነበር ልጃቸው ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቶ፣ ሪሞቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ቀዳው። ጋሸ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ፎቶ ብዙ የላቸውም። ድምፃቸው ያለው እዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። በሙት ዓመታቸው ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ፍላሹን ሰክቶ አያቸው። ልጆቹ ሳቁ፣ እትየ አለቀሱ፣ በቃ እንዲህ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሪሲቨሩን አቃጠለው። ሌላ ዓይነት ሪሲቨር ተገዛ። አዲሱ ፍላሹን አላውቀውም አለ። እትየ ፍላሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በገበያ ቀን ፊልምና ዘፈን ከሚጭኑ ልጆች ወደ አንዱ ወሰዱት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «እሺ» አለው።

ፍላሹ ባዶ ሆነ። እትየ «የታለ?» ሲሉ ልጁ «ቀድሞም ምንም አልነበረበትም፣ እናቴ» አላቸው። ሲያለቅሱ ደንግጦ፣ ለካሳ ብሎ ሁለት ትርጉም ፊልም በነፃ ጫነላቸው።

ይህን ሁለተኛውን ነገር ልብ በሉልኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ደግነት መስሎት ነው። ግን ፎርማቱ ያልገደለውን የገደሉት እነዚያ ፊልሞች ናቸው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ፦ ኮምፒውተሮቻችን በተለምዶ የሚያደርጉት ፈጣኑ ፎርማት የመጽሐፉን ማውጫ እንደመቅደድ ነው። ገጾቹ አሉ፤ የት እንዳሉ የሚነግር ነው የጠፋው። ማውጫ የሌለውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እያነበቡ መልሶ መሰብሰብ ይቻላል። አዲስ ነገር ሲጫንበት ግን የሚጻፈው በአሮጌዎቹ ገጾች ላይ ነው። ያኔ ማንም አይመልሰውም።

እትየ ወደ እኔ ሲመጡ ፊልሞቹ ተጭነው ነበር። ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ፈተሽኩት። ከ11 ደቂቃው 4 ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ አገኘሁ። ጋሸ «…ውሃ ከተኛበትማ ይበሰብሳል» ሲሉ ከዓረፍተ ነገር መሐል ይጀምራል። መጀመሪያው የለም፣ መጨረሻውም የለም።

ወዳጄ ስታፍ ውስጥ የሳቀበት ፋይል ይህ ነው።

እና «ዩቲዩብ ላይ አለ» ለሚለው፦ የለም። ፈልጌአለሁ። የጣቢያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አገላብጬዋለሁ። ዜና ይጫናል፣ የባለሥልጣን ንግግር ይጫናል፣ ድራማና ሙዚቃ ይጫናል። አንድ የወረዳ ገበሬ ስለ ሽምብራ የተናገረው ግን አንድ ቀን ይተላለፋል፣ ምናልባት አንዴ ይደገማል፣ አለቀ። እኛን የሚመለከተው ነገር ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። የሰፈራችን ሰው፣ የትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የደብራችን ንግሥ። ታዋቂውንማ ዓለም ሁሉ ያስቀምጥልናል።

ቢኖርስ? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የነበረውን ረሳችሁት? እኔ አልረሳሁትም። ያን ጊዜ ዩቲዩብ ማለት ስልክ ላይ የምትታይ ቀይ ምልክት ብቻ ነበረች። ብትነኳት ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ይቅርታ ትላለች። መብራት ባለበት ሰዓት ዲሹ ግን ይሠራ ነበር። ሳተላይት የማክሰኝትን ኔትወርክ አይጠይቅም። ያኔ «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ይል የነበረ ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ፍላሽ ይዞ ነበር የሚመጣው። ወዳጄ፣ አንተም መጥተሃል። ተከታታዩን ድራማ ነበር የጠየቅኸኝ። ኔትወርክ ተመለሰና ረሳኸው።

ኔትወርኩ ባይጠፋም ዩቲዩብ የእኛ ዕቃ አይደለም። ባለቤቱ ሊያጠፋው ይችላል። ገጹ በሌላ ሰው ይጠለፋል፣ በኮፒራይት ክስ ይዘጋል፣ ስም ይቀየራል። ደግሞስ አንድ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ሠላሳ ተማሪ በየስልኩ ዳታ እየገዛ ይይ? ወይስ አንዴ ተቀድቶ በሚሞሪ ይዙር? ሒሳቡን ለእናንተ ተውኩት።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ለማወቅ የፕላዝማ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

እኔ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርቱ ሲጀመር ዘጠነኛ ክፍል የገባን፣ የመጀመሪያዎቹ ነን። ታናናሾቼ ስለማታውቁት ላስረዳ፦ ከክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ነበር። መምህሩ ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ወደ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ የቀረችውን ደቂቃ መምህሩ ያጠቃልላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ። እኛ ደግሞ እስከ ስምንተኛ አብዛኛውን በአማርኛ ተምረን የመጣን ልጆች ነን። ሴትየዋ ጥያቄ ትጠይቅና «አሁን ሥሩት» ትላለች፤ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ምን ሠርተን ነው በጣም ጥሩ የሆንነው? እስካሁን አላውቅም።

ብዙ ሰው ፕላዝማን ሲተች ስለ እንግሊዝኛው ነው የሚያወራው። መምህሩን ቆሞ ተመልካች አደረገው ይላል። ልክ ነው፣ እስማማለሁ። እኔ ግን ዋናው በሽታ ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ አይቆምም ነበር። ወደ ኋላ አይመለስም ነበር። መምህራችን ጥሩ ሰው ነበር፤ ያልገባንን ዓይናችን ላይ ያይ ነበር። ግን «ቆይ» ሊላት አይችልም። መብራት ከሄደ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ በነጋታው የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ያ ትምህርት ተቀድቶ ኮምፒውተር ውስጥ ቢኖር ኖሮ መምህሩ የስፔስ ቁልፏን ተጭኖ «እሺ፣ ይህች ሴትዮ ምን እያለች ነው?» ብሎ በአማርኛ ያስረዳን ነበር። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ትምህርቱም ያው ትምህርት። ልዩነቱ አንዲት የማቆሚያ ቁልፍ ናት። በዚያች ቁልፍ ምክንያት ከክፍሌ ስንት ልጅ ሳይንስን «ለእኔ አይሆንም» ብሎ እንደተወ እኔ አውቃለሁ።

«በዚያን ጊዜ ማስቀመጫው ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስካቸው 40 እና 80 ጊጋባይት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ መቅዳት አይቻልም ነበር፣ እሺ። ግን የቪዲዮ ካሴት ነበረ፤ አንዱ ሦስት ሰዓት ይይዛል፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ከባዱን ምዕራፍ ብቻ መርጦ መቅዳት ይቻል ነበር። እኔ በተማርኩበት ማንም አላሰበውም። ከሰማይ የመጣ ነገር ይታያል እንጂ ይያዛል ብሎ ያሰበ የለም።

መቅዳት የጀመርኩት እኔም በ2012 ነው። መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት ማስተላለፍ ጀመረ። ደስ ይላል። ግን የእኛ ተማሪ ማነው? ስንቁን ከቤተሰቡ ተሸክሞ መጥቶ እዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቀበሌው ተመለሰ። እዚያ መብራት የለም፣ ዲሽ የለም። ሚሞሪ ያለው ስልክ ግን አለ፤ በሶላር ይሞላል። ስለዚህ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ቀዳሁ፣ ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩ፣ አሳነስኩ፣ በገበያ ቀን ለሚመጣ ሁሉ ጫንኩ። አንዱ ልጅ ወስዶ በዜንደር ለሰፈሩ አዳረሰው። ትምህርት ሲከፈት አንዲት ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ የኤሌክትሪክ ፊልዱን አራት ጊዜ አየሁት» አለችኝ። አራት ጊዜ! እኔ አንዴም በቅጡ ሳላየው ነው ያለፈኝ።

እሺ፣ ሥራው እንዴት ነው ለሚል፣ ከማማረር ይልቅ እሱን ልንገራችሁ። ከባድ አይደለም፣ ወጥመዶች ግን አሉት።

በየቤታችን ያለው ሪሲቨር አብዛኛው የፍላሽ መሰኪያ አለው። ሪከርድ የሚለውን ስትጫኑ ከሳተላይቱ የመጣውን ሞገድ እንደገና አይቀርጸውም፤ እንዳለ ፍላሹ ላይ ያፈሰዋል። የቻናሉ ጥራት ያው ነው፣ አንድ ፀጉር አይቀንስም። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ ቻናል በሰዓት 900 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ኤችዲ ከሆነ ሁለትና ሦስት እጥፍ። ፋይሉ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቲኤስ የሚል ነው፤ ስሙ የቻናሉና የቀኑ ነው። አንዳንድ ሪሲቨር ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ቪኤልሲ ይከፍተዋል። ሌላ ማጫወቻ «አላውቀውም» ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ስለ ቲኤስ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። የተሠራው በመንገድ ላይ ለሚበላሽ ሞገድ ነው፤ በ188 ባይት እሽግ እሽግ ሆኖ ነው የሚጓዘው። መሐሉ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢሄድ፣ እስከዚያ ድረስ የተቀዳው ይነበባል። ኤምፒፎር ግን ማውጫውን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሲጨርስ ስለሆነ ሳይጨርስ ከተቋረጠ ሁሉም አይከፈትም። ለማክሰኝት መብራት የተፈጠረ ፎርማት ቢኖር ቲኤስ ነው።

ወጥመዱ አንድ፦ ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ መሆን አይችልም። ረጅም ነገር ስትቀዱ ሪሲቨሩ ቆራርጦ ሁለት ሦስት ፋይል ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ገልብጣችሁ ቀሪውን እንዳትተዉ፤ ፎልደሩን ሙሉውን ውሰዱ። ቁርጥራጮቹ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ይገጣጠማሉ፣ ተከታታይ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ጫፍ መቀጠል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ እትየን የጣላቸው ነው። አንዳንድ ሪሲቨሮች ውስጣቸው ሊኑክስ ነው፤ ፍላሹን በራሳቸው መንገድ ፎርማት ያደርጉታል። ዊንዶውስ ያንን አያነበውም። የማያነበውን ሁሉ ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ስለዚህ «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። በፍጹም እሺ እንዳትሉት! ነቅላችሁ አስቀምጡት። ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር (ኡቡንቱን ከፍላሽ ማስነሳት ይቻላል፣ ዊንዶውሳችሁን አይነካውም) ወዲያው ይከፍተዋል። በዊንዶውስም የሊኑክስ ዲስክ የሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የእትየ ፍላሽ ይህን ብቻ ነበር የሚፈልገው። አሥር ደቂቃ።

ከገለበጣችሁ በኋላ ለስልክ ማሳነስ ከፈለጋችሁ ሃንድብሬክ ይበቃል። የተንቀሳቀሰ ነገር ላይ መስመር መስመር እየሆነ የሚያስቸግር ምስል ካያችሁ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብሩት፤ የቴሌቪዥን ሞገድ ምስሉን በግማሽ በግማሽ መስመር ስለሚልክ ነው። የግማሽ ሰዓት ትምህርት ከ100 ሜጋባይት በታች አድርጌ አውቃለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ዋናውን ቲኤስ ግን አታጥፉት። ያሳነሳችሁት ለማደል ነው፣ ዋናው ለማስቀመጥ።

አሁን ወደ ጠቡ ልመለስ።

የደንበኝነት ክፍያ የሚከፈልባቸው ሳጥኖች የሚቀዱት ሌላ ታሪክ ነው። እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ያሉት ሃርድ ዲስካቸው ላይ የሚያስቀምጡት የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ከዚያ ሳጥን ጋር የታሰረ። ሳጥኑ ከሞተ የቀዳችሁት ሁሉ አብሮት ይቀበራል። የሳጥኑን ዋጋ የከፈላችሁት እናንተ፣ ወርሃዊውን የከፈላችሁት እናንተ፣ ሪከርድ የሚለውን የተጫናችሁት እናንተ፣ የተቀዳው ግን የእናንተ አይደለም። የእግር ኳስ ባለመብቶች ሌብነት ፈርተው ነው ይባላል። ይሁን። ግን ሌባው ከዚህ ቁልፍ የተነሳ መቼ ቆመ? ጨዋታው ገና ሳያልቅ በየቴሌግራሙ አይደል የሚሠራጨው? ቁልፉ የያዘው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚከፍለውን ሰው ብቻ ነው።

«መቅዳትስ ሕጋዊ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። (ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ፍላሹ ውስጥ አርባ የተሰረቀ ፊልም አለ፣ ግን ይሁን።) የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን። ግለሰብ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበትን አንድ ቅጂ ማባዛቱን ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይላል፤ የራሱ ገደቦች አሉት፣ ሙሉ መጽሐፍ መገልበጥ ለምሳሌ አይፈቀድም። ለማስተማርም በአግባቡና በልኩ ማባዛት ይፈቀዳል። አባዝቶ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እኔም እቃወማለሁ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ክርክር በ1984 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ የፊልም ኩባንያዎቹ ሶኒን በቤታማክስ መቅጃው ከሰውት ተሸነፉ። አምስት ለአራት ነው፣ በአንድ ድምፅ። ሰው ቤቱ ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቢያይ ጥፋት አይደለም ተባለ። ያኔ አንዱ ዳኛ ወደ ዚያኛው ወገን ቢያጋድል ኖሮ ዛሬ ሪሞታችን ላይ ያቺ ቀይ ቁልፍ መኖሯን እጠራጠራለሁ።

«ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያስቀምጡታል፣ አንተ ምን አገባህ?» የሚሉም አሉ። እነዚህን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳቸው። ቢቢሲ፣ ያ ትልቁ ቢቢሲ፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. ቴፕ ውድ ስለነበር የራሱን ፕሮግራሞች እያጠፋ በላያቸው ላይ ሌላ ይቀዳ ነበር። ዶክተር ሁ ከሚባለው ታዋቂ ተከታታይ ፊልማቸው በርካታ ክፍሎች በዚህ ምክንያት ጠፍተዋል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን ሁሉም አለ። ማን አስቀመጠው? ቤታቸው ቁጭ ብለው ቴሌቪዥኑ ፊት ቴፕ ሪከርደር ያስቀመጡ ተመልካቾች፣ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ጎረቤታቸው ስቆባቸው ይሆናል። አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ማሪዮን ስቶክስ የምትባል የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከሞተችበት 2012 ድረስ የቴሌቪዥን ዜና ሌት ተቀን ቀዳች። ወደ 70 ሺህ ካሴት! እብድ የሚሏት ነበሩ። ዛሬ ካሴቶቿ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት እጅ ናቸው።

እኛስ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ውስጥ አንድ መምህር ለክፍሉ ልጠቀምበት ቢል በር አንኳኩቶ የሚያገኘው ስንቱን ነው? እኔ ከማክሰኝት ተነስቼ የማንን በር ላንኳኳ? ስለዚህ በሬ እዚሁ ሪሲቨሬ ላይ ያለው የፍላሽ ቀዳዳ ነው።

የትምህርት ቤት አመራር የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ቅር አይበላችሁ። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ የግማሽ ሰዓት ትምህርት በ450 ሜጋባይት ብታስቡት ከ2,000 ክፍለ ጊዜ በላይ ይይዛል። አንድ ክፍል በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ፣ በዓመት 40 ሳምንት ብትሉ 800 ነው። የሁለት የክፍል ደረጃ ሙሉ ዓመት አንድ መዳፍ በማትሞላ ዕቃ ይገባል፤ ቦታም ይተርፋል። የወላጆች በዓል ላይ ለድንኳንና ለስፒከር ኪራይ የምናወጣውን አስቡት። አንድ ሪሲቨር፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ ሰዓቱን የሚከታተል አንድ ሰው። ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፣ ያለ አበል። ሁለት ጊዜ ጥያቄ አቅርቤ ሁለት ጊዜ «እናያለን» ተብያለሁ። ፕላዝማውንም ያን ጊዜ እናያለን ብለን ነው ያየነው፤ አይተን ቀረን።

ፍላሽ የምትጭኑ ወንድሞቼም አታኩርፉ። ከእናንተ ግማሹ የእኔ ተማሪ ነው። በቀን መቶ ፍላሽ ትነካላችሁ። ሰው ፍላሽ ሲሰጣችሁ «ውስጡ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ካለ፣ ኖ በሉና መልሱላቸው። ወደ እኔ ላኳቸው፣ ብር አልቀበልም። ያን ልጅም አነጋግሬዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እየተማረ ነው። ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። ፍጥነቱ ነው ጉዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሪሲቨር ላይ የቀዳችሁት ነገር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፍላሹን እንጂ ሪሲቨሩን መሸከም አያስፈልግም። የተገለበጠውን የምታስቀምጡበት ሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ያዙ፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

እና አንድ ልመና። የጋሸ 4 ደቂቃ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ እትየ ዘንድ ነው፣ አዲሱ ሪሲቨር እንዲያነበው አድርጌላቸዋለሁ። የቀረው 7 ደቂቃ የለም። ፕሮግራሙ የተላለፈው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ማሳው ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ ጋሸ አረንጓዴ ጃኬት ለብሰው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ነው የቆሙት። በዚያ ሰዓት የግብርና ፕሮግራም የቀዳችሁ፣ ወይም ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ። ከበለሳም ይሁን ከአዘዞ፣ ከየትም። ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። ደውሉልኝ፣ እኔ እመጣለሁ።